ስለ ትልልቅ ቸርኬዎች ንግድ፤ በዓይን ሳይሆን በልክ እንሽጥ

ነጋዴ ከገዥው ጋር የሚገናኘው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ዕቃው በሚሸጥበት ቀን ነው፤ ሁለተኛም ዕቃው በሥራ ላይ ውሎ ጥቅሙን ወይም ጉዳቱን ባሳየበት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚናገረው ሻጩ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ግን ዕቃው ራሱ ይናገራል። የሻጩና የዕቃው ቃል አንድ ሆኖ ሲገኝ ደንበኛው ይበረክታል፤ ያልተስማማ እንደ ሆነ ግን ገዥው ብቻውን አይርቅም፤ ዘመዱንና ጎረቤቱንም ይዞ ይርቃል።

ዛሬ ለክቡራን የምክር ቤታችን አባሎች ላቀርበው የፈለግሁት አሳብ አንድ ዓይነት ዕቃን ብቻ የሚመለከት ነው። ይኸውም ለትንንሽ የቤት አውቶሞቢሎች ከፋብሪካ ከወጡበት ልክ የሚበልጡ ቸርኬዎችንና ጎማዎችን ስለ ማስመጣትና ስለ መሸጥ ነው። ነገሩን ከሩቅ ለሚያየው ሰው የጌጥ ነገር ይመስለዋል፤ የምክር ቤታችንን ገጽ የሚያስይዝም አይመስለውም። ነገር ግን በዚህ ንግድ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ አለበት፣ የነጋዴ ስም አለበት፣ ከሁሉም በላይ በመኪናው ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ነፍስ አለበት። ስለዚህ በበኩሌ የደረሰብኝን ሳልሸሽግ፣ ከዚያም የተማርሁትን በቁጥር እያስረዳሁ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ቶዮታ ቪትዝ የተባለችው ትንሽ አውቶሞቢል ምን ያህል እንደ በዛች ለማንም የተሰወረ አይደለም። ይህች መኪና በጃፓን አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ በዚሁ ስም ስትሠራ ቆይታ በ2020 ስሟ በያሪስ ተተክቷል። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተደረገ። የእነዚህ ነገሮች ድምር ትርጉሙ ግልጽ ነው። ዛሬ በእጃችን ያሉት ትንንሽ አውቶሞቢሎች ገና ለብዙ ዓመት ያገለግሉናል፤ ባለቤቶቻቸውም አዲስ መኪና መግዛት ስላልቻሉ ያለቻቸውን ማደስና ማሳመር ይፈልጋሉ፤ በስሕተት የተገዛ ዕቃም ከቀድሞው የበለጠ ገንዘብ ያስከፍላል።

ገዥው ትልቅ ቸርኬ የሚፈልግበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው መልክ ነው። ባለ 14 ኢንቹ የብረት ቸርኬ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ሲታይ ደካማ ይመስላል፤ ባለ 15 ወይም ባለ 16 ኢንቹ የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን የመኪናይቱን ግርማ ይጨምራል። ይህ ነውር አይደለም፤ ሰው በላቡ የገዛውን ንብረት ቢያስጌጥ መብቱ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። በየመንደሩ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና የፈራረሰው የኮብልስቶን መንገድ የትንሿን መኪና ሆድ ይነካል፤ ስለዚህ ባለቤቷ «ጎማዋ ቢተልቅ ከፍ ትልልኝ ነበር» ብሎ ያስባል። አሳቡ ከእውነት ባይርቅም እንደሚገመተው ያህል የሚጠቅም አይደለም። የጎማው ጠቅላላ ቁመት በጨመረው ልክ መኪናይቱ አትነሣም፤ የምትነሣው በግማሹ ብቻ ነው። ሠላሳ አራት ሚሊሜትር የሚበልጥ ጎማ መኪናይቱን ከፍ የሚያደርጋት በ17 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ያችኑ 17 ሚሊሜትር ደግሞ ጎማው ወደ ላይ ከፓራፋንጎው ቦታ ላይ ይወስዳታል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የገና በዓል ሊደርስ ሲል አንድ ደንበኛ ወደ ሱቄ መጣ። ቪትዙን በራፍ ላይ አቁሞ በመደርደሪያ ላይ የነበሩትን ባለ 16 ኢንች ቸርኬዎች ተመለከተና «ጋሼ፣ እነዚህ ለኔዋ ይሆናሉ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም የቸርኬውን ቀዳዳዎች ቆጠርሁ፤ አራት ናቸው። የመኪናይቱም ብሎኖች አራት ናቸው። «ይሆናሉ እንጂ!» አልሁት። 195/55 አር 16 ጎማ ከመጋዘን አስወጥቼ ጎሚስታው ገጠመለት፤ ዳዶውም ታሰረ፤ መኪናይቱ በደጄ ላይ ቆማ ስትታይ በእውነት ታምር ነበር። ገንዘቤን ተቀበልሁ፤ እርሱም መርቆኝ ሄደ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ፊቱ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ለበዓሉ እናቱንና ሁለት ልጆቹን ጭኖ፣ ከኋላም ዕቃ አክሎ ወደ ደብረ ብርሃን ሲጓዝ፣ ሰንዳፋን ካለፈ በኋላ መንገዱ ወጣ ገባ ባለ ቁጥር ከኋላ በኩል የመፋቅ ድምፅ ይሰማ ዠመር። ድምፁን ከመንገዱ ቆጥሮ ጥቂት ተጓዘ። ኋላ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ሲመጣበት ዳር ይዞ ወረደና ቢመለከት የቀኙ የኋላ ጎማ ትከሻ በፓራፋንጎው ከንፈር ተልጦ የውስጡ ክር ታይቷል። ክሪክ አውጥቶ፣ ስኮርታውን ገጥሞ፣ ቀስ እያለ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ጎማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢቆይ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበረ ሁለታችንም አልተናገርነውም። እርሱ የተናገረኝ ሌላ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ እኔ መምህር ነኝ፤ ስለ ጎማ የማውቀው የለኝም። እርስዎ የኖሩበት ሥራ ነው። ልኩን የማወቅ ፈንታ የማናችን ነበር?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ገንዘቡን መልሼለት ዕቃውን ተቀበልሁ። ከዚያ በኋላ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ፣ ሜትርና ወረቀት ይዤ፣ የሸጥሁለትን ዕቃ ከመኪናው የፋብሪካ ዕቃ ጋር ማስተያየት ዠመርሁ። ያገኘሁትንም ከዚህ በታች አቀርባለሁ፤ ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነውና ማንም ባለ ሱቅ ሊያፍርበት ወይም ሊፈራው አይገባም።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው 165/70 አር 14 የሚለው ምልክት ሦስት ነገር ይነግረናል። የጎማው ስፋት 165 ሚሊሜትር ነው፤ የጎኑ ቁመት የዚያ ስፋት 70 በመቶ ነው፤ የሚገጥምበትም ቸርኬ 14 ኢንች ነው። ስለዚህ የጎኑ ቁመት 115.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ጎን ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት ሲባዛ 231 ይመጣል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነውና 14 ኢንች 355.6 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ የጎማው ጠቅላላ ቁመት 586.6 ሚሊሜትር ሆነ። እኔ የሸጥሁት 195/55 አር 16 በዚሁ መንገድ ሲሰላ 620.9 ሚሊሜትር ይመጣል። ልዩነቱ ከ34 ሚሊሜትር በላይ ነው፤ በመቶ ሲቆጠር ስድስት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዚህ ጎማ ላይ የፍጥነት መቁጠሪያው በቀድሞው ጎማ 80 ኪሎ ሜትር በሚያሳይበት ጊዜ መኪናይቱ ከዚያ በፊት ትሄድ ከነበረው በመቶ ስድስት ያህል ፈጥና ትሄዳለች ማለት ነው፤ ነጂው ግን አያውቀውም።

ይህ የቁመቱ ነገር ነው። ከዚህ የባሰው ግን በዓይን የማይታየው የኦፍሴት ነገር ነው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ከመኪናው እምብርት ጋር የሚገጥምበት ገጽ ከቸርኬው የስፋት መካከል ስንት ሚሊሜትር ርቆ እንደ ተቀመጠ የሚያመለክት ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ በቸርኬው ጀርባ ወይም በክንዱ ውስጥ ኢ ቲ ከሚሉ ሁለት ፊደሎች ጋር ተቀርጾ ይገኛል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቸርኬው ወደ መኪናይቱ ውስጥ ይገባል፤ ዝቅ ሲል ወደ ውጭ ይወጣል። ደንበኛዬ በመኪናው የነበረው ቸርኬ 5 ኢንች ስፋትና 39 ሚሊሜትር ኦፍሴት ያለው ነበር። እኔ የሸጥሁለት ደግሞ 7 ኢንች ስፋትና 35 ሚሊሜትር ኦፍሴት ያለው ነበር። የስፋቱን ግማሽ ወስጄ ኦፍሴቱን ስቀንስ የቸርኬው የውጭ ጠርዝ ከቀድሞው 29 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። ኦፍሴቱን በስፋቱ ግማሽ ላይ ስደምር ደግሞ የውስጡ ጠርዝ 21 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ ጎማው በውጭ በኩል ከፓራፋንጎው ከንፈር፣ በውስጥ በኩል ከአሞርዛቶሩና ከሞላው ጋር መጣላቱ የማይቀር ነበር። መኪናይቱ ባዶዋን ደጄ ላይ ስትቆም ጠቡ አልታየኝም፤ አራት ሰውና ዕቃ ሲጫንባት ግን ሞላው ወረደና ጠቡ ተገለጠ።

በሦስተኛ ደረጃ መታየት ያለበት የብሎኖቹ ክብ ነው። አራት ቀዳዳ ያለው ቸርኬ ሁሉ አንድ አይደለም። የቪትዝ አራት ብሎኖች በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ የተተከሉ ናቸው፤ ሌሎች ባለ አራት ብሎን መኪናዎች ግን 114.3 ሚሊሜትር ክብ አላቸው። የማይገጥመውን ቸርኬ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ አስፍቶ ለመግጠም የሚሞክር ሰው እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ የሰውን ነፍስ በቀጭን ክር እንደ ማንጠልጠል ነው። አራተኛውም የመካከሉ ቀዳዳ ነው። የቪትዝ እምብርት 54.1 ሚሊሜትር ነው። ለብዙ ዓይነት መኪና ታስበው የሚሠሩ ቸርኬዎች የመካከል ቀዳዳቸው ሰፊ ስለ ሆነ፣ ልዩነቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባበት ቸርኬው በመካከሉ ላይ በትክክል አይቀመጥም፤ መሪውም በፍጥነት ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ባለ ንብረቱም ባላንስ አልተስተካከለም ብሎ ከጎሚስታ ጎሚስታ ሲዞር ይኖራል። ዳዶውም ቢሆን የራሱ ነገር አለው፤ የቸርኬው መቀመጫ ሾጣጣ ከሆነ ሾጣጣ ዳዶ፣ ድቡልቡል ከሆነ ድቡልቡል ዳዶ ይፈልጋል።

እነዚህን ሁሉ የማያይ ሻጭ ጎማው መፋቅ ሲዠምር መድኃኒት ይፈልጋል፤ የሚያገኘው መድኃኒት ግን ከበሽታው የከፋ ነው። አንዱ የፓራፋንጎውን ከንፈር በመዶሻ ያጥፋል፤ ቀለሙ ይሰነጠቅና ዝገት ይገባል። ሌላው በፓራፋንጎው ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን በቢላዋ ይቆርጣል፤ በክረምት ጭቃና ውሃ ወደ ኤሌክትሪክ ገመዶቹ ይረጫል። ሦስተኛው ከሞላው መካከል ላስቲክ ይወትፋል፤ የሞላው ሥራ ይሰናከልና መኪናይቱ በጉብታ ላይ ትዘላለች። አራተኛው ጎማው ወደ ውስጥ እንዳይነካ በቸርኬውና በእምብርቱ መካከል ወፍራም ሮንዴላ ያስገባል፤ በዚያው ልክ ብሎኑ ዳዶውን የሚይዝበት ርዝመት ያጥራል፤ ጎማውም በውጭ በኩል ይብስበታል። ይህን ሁሉ ወጪ የሚከፍለው ገዥው ነው። መጀመሪያውኑ 20 ደቂቃ ወስደን ብንለካ ኖሮ አንዱም አያስፈልግም ነበር። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ትልቅ ቸርኬ በትንሽ መኪና ላይ ጨርሶ አይገጠም ማለቴ ነውን? አይደለም። ያማ ቢሆን ራሴም ይህን ዕቃ ከሱቄ ባወጣሁት ነበር። ምሥጢሩ ቸርኬው በተለቀ ቁጥር የጎማው ጎን እንዲያጥር አድርጎ ጠቅላላ ቁመቱን በቦታው መጠበቅ ነው። ለዚህችው ለ165/70 አር 14 መኪና 185/55 አር 15 ብንገጥም ጠቅላላ ቁመቱ 584.5 ሚሊሜትር ነው፤ ከፋብሪካው በሁለት ሚሊሜትር ብቻ ይለያል። ባለ 16 ኢንች የግድ ከተፈለገ 195/45 አር 16 ቁመቱ 581.9 ሚሊሜትር ነው። ፋብሪካው ራሱ በአንዳንድ የያሪስ መኪናዎች ላይ 185/60 አር 15 ገጥሞ ሸጧል፤ ይህም 603 ሚሊሜትር ነው። በእኔ ልምድ ጠቅላላ ቁመቱ ከፋብሪካው ልክ በመቶ ሁለት ወይም ሦስት ባላለፈ፣ የቸርኬውም ስፋት ከአንድ ኢንች በላይ ባልጨመረ፣ ኦፍሴቱም ከፋብሪካው ቁጥር ብዙ ባልራቀ ጊዜ ጎማ ሲፋቅ አላየሁም።

ሆኖም ቁመቱን መጠበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ለገዥው እውነቱን ልንነግረው የሚገባ ሁለት ነገር ይቀራል። የመጀመሪያው የመንገድ ነገር ነው። የፋብሪካው ጎማ ጎኑ 115.5 ሚሊሜትር ሲሆን የ195/45 አር 16 ጎን 88 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ጉድጓድ ሲመታ የሚያበርደው ያ ጎን ነው። እርሱ ሲያጥር ምቱ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬውም ወደ ኩሽኔታውና ወደ አሞርዛቶሩ ያልፋል። ስለዚህ ከከተማ ወደ ገጠር በኮረኮንች መንገድ ለሚመላለስ ሰው ባለ 16 ኢንች መሸጥ ውለታ አይደለም፤ ባለ 14 ኢንቹን ይዞ እንዲቆይ ብንመክረው ይሻላል። ሁለተኛው የጭነት ነገር ነው። በጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለውን ክብደት ያመለክታል። 81 የሚለው ቁጥር 462 ኪሎ ግራም ማለት ነው፤ 82 የሚለው 475፣ 80 የሚለው ደግሞ 450 ነው። እንግዲህ ትልቁና የሚያምረው ጎማ ከትንሹ ያነሰ ጭነት የሚችልበት ጊዜ አለ፤ ገዥው ግን ትልቅ ስለ ሆነ ብርቱ ይመስለዋል። አሁን እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በባትሪያቸው ምክንያት ከባዶች ስለ ሆኑ ይህ ቁጥር በእነርሱ ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ወደ አስመጪዎች ልመለስ፤ ምክንያቱም የነገሩ ሥር ያለው ከእነርሱ ዘንድ ነው። እኔም በአቅሜ ጥቂት አስመጥቼ ስለማውቅ በወንድሞቼ ላይ ጣቴን ብቻ የምቀስር አይደለሁም። የመጀመሪያው የትእዛዝ ደብዳቤዬ «ባለ 15 ኢንች፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ መልኩ ያማረ» የሚል ነበር። ላኪው ያዘዝሁትን በትክክል ላከልኝ። ከመጣው ውስጥ ግማሽ ያህሉ 114.3 ሚሊሜትር ክብ ያለው ስለ ነበረ ለምፈልጋቸው መኪናዎች አልገጠመም፤ ለብዙ ጊዜ በመጋዘኔ አቧራ ሲጠጣ ኖረ። ላኪውን ለመክሰስ ምክንያት አልነበረኝም፤ ጥፋቱ የብዕሬ ነበር። ዛሬ የማዝዘው ግን እንዲህ ነው፤ ዲያሜትር 15 ኢንች፣ ስፋት 6 ኢንች፣ ቀዳዳ 4 በ100 ሚሊሜትር ክብ፣ ኦፍሴት ከ38 እስከ 45፣ የመካከል ቀዳዳ 54.1 ወይም ከዚያ ሰፍቶ ቀለበት የተጨመረለት፣ የዳዶ መቀመጫ ሾጣጣ። ይህን ለመጻፍ አንድ መሥመር ተኩል በቂ ነው። በዚያች መሥመር ተኩል ምክንያት ግን የውጭ ምንዛሪ በማይሸጥ ብረት ላይ ታስሮ ከመቅረት ይድናል።

አንዳንድ የሥራ ጓደኞቼ ይህን አሳብ ሳነሣባቸው የሚመልሱልኝ መልስ አላቸው፤ እርሱንም በቅንነት ላቅርበው። የመጀመሪያው «ገዥው ራሱ የፈለገውን ሸጥሁለት፤ ምርጫው የእርሱ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ መልኩን፣ ቀለሙን፣ ዋጋውን የሚመርጥ ገዥው ነው። ልኩ ግን የምርጫ ነገር አይደለም። ጫማ የሚሸጥ ሰው እንኳ እግርን ሳይለካ አይሸጥም፤ ያውም የጠበበ ጫማ የሚጎዳው አንዱን ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛው «እኔ ስለካና ስመክር ገዥው ጎረቤቴ ዘንድ ሄዶ ይገዛል» የሚል ነው። ይህ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ በእኔም ላይ ደርሷል። አንድ ጊዜ 195/55 አር 16 አልሸጥም ያልሁት ወጣት ከአጠገቤ ገዝቶ በፊቴ አልፏል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ያ መምህር ያመጣልኝን ደንበኛ ስቆጥር ያጣሁት ከአተረፍሁት አይበልጥም። ሦስተኛው «መለካት የመካኒክ ሥራ ነው እንጂ የነጋዴ አይደለም» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው መካኒኩ ነው ወይስ ነጋዴው?

ስለዚህ የዚህ ዕቃ አስመጪዎችና ባለ ሱቆች የሚከተለውን ሥርዓት ብንከተል መልካም ይመስለኛል።

1ኛ፤ በመደርደሪያ ላይ በሚቀመጥ ቸርኬ ሁሉ ላይ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ዲያሜትሩ፣ ስፋቱ፣ የብሎን ክቡ፣ ኦፍሴቱና የመካከል ቀዳዳው በአማርኛ ተጽፎ ይንጠልጠል። ቁጥሩ ያልታወቀ ቸርኬ ተለክቶ እስኪታወቅ ድረስ አይሸጥ።

2ኛ፤ ገዥው ዋጋ ከመጨረሱ በፊት በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ የጎማ ልክ ይነበብ፤ በመኪናው ላይ ያለው ቸርኬም ወርዶ በጀርባው የተቀረጸው ቁጥር ይታይ፤ ሒሳቡም በፊቱ ይሠራለት።

3ኛ፤ አራቱም ጎማ ከመገጠሙ በፊት ይፈተን። መጀመሪያ ቸርኬው ብቻውን ያለ ጎማ በእምብርቱ ላይ ይቀመጥ፤ ፍሬኑንና አሞርዛቶሩን የማይነካ ሆኖ ሲገኝ ጎማ ይግባበት። ከፊት ገጥሞ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው ማዞር፤ ከኋላ ገጥሞ ደግሞ አራት ሰው አስቀምጦ ጉብታ ላይ በዝግታ ማሳለፍ ያስፈልጋል። በየትኛውም በኩል ቢያንስ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ካልቀረ ያ ልክ ለዚያች መኪና አይሆንም። ፈተናውን ቢወድቅ የተነካው አንድ ጎማ ብቻ ነው፤ ዕቃው ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፤ ማንም አይከስርም።

4ኛ፤ ዳዶው በመገመት ሳይሆን በመለኪያ መፍቻ ይጥበቅ። ለቪትዝ ፋብሪካው ያዘዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በቀድሞው አነጋገር 10 ኪሎ ተኩል ያህል ማለት ነው። ገዥውም 100 ኪሎ ሜትር ከመጓዙ በፊት ተመልሶ እንዲያስጠብቅ ይነገረው።

5ኛ፤ በደረሰኙ ላይ የጎማው ሙሉ ልክ፣ የጭነት ቁጥሩና የተሠራበት ጊዜ ይጻፍ። በጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ያመለክታሉ፤ 2319 የሚለው በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ይህን የጻፈ ነጋዴ ዕቃውን እንደሚያውቅ በፊርማው መሰከረ።

የንግድ ምክር ቤታችንም በበኩሉ እነዚህን ነጥቦች በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ አሳትሞ ለመርካቶና ለሌሎችም የመለዋወጫ ዕቃ ሱቆች፣ ለጎሚስታዎችም ጭምር ቢያድል ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል። ጎሚስታዎችን በተለይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዕቃው መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻው ዓይን የእነርሱ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ «አስሩልኝ» ይባላሉ እንጂ «ይሆናል ወይ?» ተብለው አይጠየቁም። ብንጠይቃቸው ኖሮ እኔም ያን ጊዜ ካፈርሁት እፍረት እድን ነበር፤ ጎሚስታው ቸርኬው ወደ ውጭ መውጣቱን አይቶ እንደ ነበረና ባለሱቁን ላለማስቀየም ዝም እንዳለ በኋላ ነግሮኛልና።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ቃል በእኔ ደርሷል፤ በሌሎች ወንድሞቼ እንዳይደርስ ስል ይህን ጻፍሁ። ያ መምህር ዛሬም ደንበኛዬ ነው። በመኪናው ላይ 185/55 አር 15 ገጥሜለታለሁ፤ እናቱን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ይመላለስበታል። ከሱቄ ሲያልፍ ክላክስ አድርጎ ሰላም ይለኛል። በዚያች ሰላምታ ውስጥ ያለውን ትርፍ በመዝገቤ ላይ የምጽፍበት ዓምድ የለኝም፤ ሆኖም ከሌሎቹ ትርፎቼ ሁሉ አስቀድሜ የምቆጥረው እርሱን ነው።

ከአንድ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ